ሱሪው አሁን የት ነው ያለው?

ጥያቄው ከድሬዳዋ ነው የመጣው። ትንሽ አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ መጋላ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የምንሰፋበት ትንሽ ስፌት ቤት አለኝ። ማታ ማታ ደግሞ አካውንቲንግ እማራለሁ። ለመለማመጃ የተሰጠን ጥያቄ ቁርጥ የእኔን ቤት ይመስላል። አንዲት ሴት በ250,000 ብር ጥሬ ገንዘብና 300,000 ብር በሚያወጡ አምስት የስፌት መኪናዎች ነሐሴ 1 ሥራ ጀመረች። 900 ሜትር ጨርቅ በሜትር 300 ብር ገዛች። ወሩ ሲያልቅ 120 ሜትር ተርፏል። ለ600 ሱሪ ጨርቅ ተቆርጦ 500ው አለቀ፣ 100ው ስፌቱ ግማሽ ላይ ነው። ለሰፊዎች 66,000፣ ለክር፣ ለዚፕና ለቁልፍ 22,000፣ ለቆራጩ ደመወዝ 15,000፣ ለስፌት ቤቱ ኪራይ 20,000፣ ለመብራት 4,000 ተከፈለ። የመሸጫ ሱቁ ኪራይ 12,000፣ የሻጯ ደመወዝ 8,000፣ ማጓጓዣ 3,000። መኪናዎቹ 5 ዓመት ያገለግላሉ። ባለቤቷ ለቤቷ 20,000 ወሰደች። 400 ሱሪ በ850 ብር ሸጠች፣ ከዚህ ውስጥ 90,000ው ዱቤ ነው። ትርፏ ስንት ነው? እኔ 100,000 ኪሳራ አገኘሁ። ጓደኛዬ 65,000 ትርፍ አለ። መምህሩ የእሱ ልክ ነው ብሎ ሰዓት አለቀ። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ አንድ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝም) መኪና ብቻ ሲኖር ሱሪ ይሰፋ ወይስ ጋዋን የሚል ነው፤ እሱም አልገባኝም። በዚያ ላይ በእውነተኛው ሱቄ አንድ የጅጅጋ ነጋዴ 60 ሱሪ በ600 ብር ስፊልኝ እያለኝ ነው። ልተወው?»

አቦ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። መደመርሽም መቀነስሽም አንድ ስህተት የለበትም። ከ340,000 ሽያጭ ላይ የጨርቁን 270,000፣ የስፌት ቤቱን 127,000፣ የሱቁን 23,000፣ ለቤት የሄደውን 20,000 ቀንሰሻል። 100,000 ጎደለ። ልክ ነው። ግን የመለስሽው ያልተጠየቅሽውን ጥያቄ ነው። አንቺ የመለስሽው «ስንት ብር ከእጇ ወጣ» ለሚለው ነው። ጥያቄው «ስንት አተረፈች» ነበር።

ይሄ የአንቺ ብቻ ችግር አይደለም። ሃያ ዓመት በላይ በፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ሠርቻለሁ፣ ማታ ማታም አስተምሬያለሁ። የማምረቻ ጥያቄ ሲመጣ ተማሪው የመጀመሪያ እጁ የሚሄደው ወደ ካልኩሌተር ነው። እኔ ደግሞ ካልኩሌተሩን አስቀምጡና መንገድ ሳሉልኝ እላለሁ። ጨርቁ ከየት ገባ? አሁን የትኛው ጠረጴዛ ላይ ነው? ማን ዘንድ ደረሰ? ብሩን አትከተይ። ሱሪውን ተከተይ።

ይሄን የተማርኩት ክፍል ውስጥ አይደለም። ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድ ታውቂዋለሽ። ስሙ ራሱ ከስፌት መኪናዎቹ ጫጫታ የመጣ ነው። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት እዚያ ሰፊ የሆነ አጎቴ ዘንድ እላክ ነበር። መጻፍ ብዙም አይሆንለትም። ማታ ሊዘጋ ሲል ግን ሦስት ቦታ ያያል። ከጀርባው ያለውን ያልተቆረጠ ጣቃ። ከመኪናው ሥር በዘንቢል ያለውን፣ ተቆርጦ ያልተሰፋውን። ከበሩ በላይ የተሰቀለውን ያለቀ። ከዚያ «ዛሬ ብር የለም፣ ግን አልከሰርንም» ይላል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጥሬ ዕቃ፣ በሂደት ላይ ያለ ሥራ፣ ያለቀ ዕቃ የሚሉትን ሦስት ቃላት ስሰማ የአጎቴ ሦስቱ ክምሮች ናቸው የታዩኝ። አንድም አዲስ ነገር አልነበረም።

አሁን የአንቺን ጥያቄ በዚህ ዓይን እንየው።

ጨርቁ 900 ሜትር ገባ። 120 ሜትር አሁንም መደርደሪያ ላይ ነው። ይሄ 36,000 ብር ነው። ወጪ አይደለም፣ ንብረት ነው። የተቆረጠው 780 ሜትር፣ 234,000 ብር። ለ600 ሱሪ ስታካፍይው በአንዱ ሱሪ 1 ሜትር ከ30፣ ማለትም 390 ብር ጨርቅ አለ። ልብ በይ፣ ግማሽ ላይ ያለው ሱሪም ጨርቁ ሙሉ ነው። ቆራጩ ግማሽ ሱሪ አይቆርጥም። ብዙ ተማሪ እዚህ ይወድቃል። «ግማሽ የተሠራ» የሚለውን ሲያይ ጨርቁንም ለሁለት ይከፍለዋል።

ግማሽ የሆነው ስፌቱ ነው። ስለዚህ የስፌቱን ወጪ ለብቻ ሰብስቢ። የሰፊዎቹ 66,000። ክርና ዚፑ 22,000። የቆራጩ 15,000፣ ኪራዩ 20,000፣ መብራቱ 4,000። የመኪናዎቹ እርጅና ደግሞ አለ። 300,000 ለ5 ዓመት በዓመት 60,000፣ በወር 5,000 ነው። ድምሩ 132,000 መጣ። ይሄ ሁሉ ስንት ሱሪ ሰፋ? 500 ሙሉ፣ 100 ግማሽ። 100 ግማሽ ሱሪ በድካም ሲመዘን 50 ሙሉ ነው። ስለዚህ 550። ክፍል ውስጥ ኢኩቫለንት ዩኒት እያሉ የሚያስፈራሩሽ ነገር ይሄ ብቻ ነው። 132,000 ለ550 ሲካፈል 240 ብር።

390 እና 240፣ አንድ ያለቀ ሱሪ 630 ብር ወጣበት።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ቀላል ነው። 500 ያለቀ ሱሪ 315,000 ነው። 100ው ግማሽ ሱሪ ጨርቁ 39,000፣ ስፌቱ 12,000፣ አንድ ላይ 51,000። ሁለቱን ደምሪ፤ 366,000። ያወጣሽው ጨርቅና ስፌት 234,000 እና 132,000፣ እሱም 366,000። ገጠመ። ይሄን ማመሳከሪያ ሳትሠሪ አንድ እርምጃ አትሂጂ። ፈተና ላይ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ሃያ ነጥብ ያድናል።

ከ500ው 400 ተሸጠ። ወጪ የሚባለው የእነዚህ ብቻ ነው፣ 252,000 ብር። ከ340,000 ሲቀነስ 88,000 ቀረ። ከዚህ የሱቁን ኪራይ፣ የሻጯን ደመወዝና ማጓጓዣውን 23,000 ቀንሺ። 65,000። ጓደኛሽ ልክ ነው።

እዚህ ጋ «ለምንድነው የስፌት ቤቱ ኪራይ ሱሪው ውስጥ የገባው፣ የሱቁ ግን በቀጥታ የተቀነሰው?» ብለሽ ብትጠይቂኝ ደስ ይለኛል። ሁለቱም ኪራይ ናቸው። ምናልባት የሁለቱም ቤቶች አከራይ አንድ ሰው ነው። ልዩነቱ ሱሪው ነው። ስፌት ቤቱ ሱሪውን ሱሪ ለማድረግ ያስፈለገ ነው። ሱቁ ግን ያለቀ ሱሪ ተቀብሎ ነው የሚሸጠው። ሱቁ ውስጥ ስንት ወር ቢሰቀል ሱሪው አንድ ስፌት አይጨመርበትም።

ያንቺ 100,000 ኪሳራና የእሱ 65,000 ትርፍ በ165,000 ብር ይራራቃሉ። ይሄ ብር የት ሄደ? የትም አልሄደም። 36,000 ጨርቅ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ነው። 51,000 በግማሽ ሱሪ ውስጥ ነው። 63,000 ያልተሸጠ 100 ሱሪ ሆኖ ተሰቅሏል። ድምሩ 150,000። ለቤቷ የወሰደችው 20,000 ደግሞ የድርጅቱ ወጪ አይደለም። የራሷን ካፒታል ነው ያነሳችው። ሽሮና በርበሬ ሱሪ አይሰፋም። 170,000 ደረስን። አንቺ የረሳሽው ደግሞ አለ፤ የመኪናዎቹን እርጅና 5,000 ብር። ከእጅ ስላልወጣ ዘለልሽው። 170,000 ሲቀነስ 5,000፣ 165,000። አለቀ።

ጥርጣሬ ካለሽ ወሩ ሲያልቅ ያላትን ሁሉ ቁጠሪ። ጥሬ ገንዘብ 60,000፣ ካዝናው ተራቁቷል፣ ያስደነገጠሽ ይሄ ነው። ዱቤ የሚሰበሰብ 90,000። ሦስቱ ክምሮች 150,000። መኪናዎቹ 295,000። ድምር 595,000። ስትጀምር 550,000 ነበራት። 65,000 አተረፈች፣ 20,000 ወሰደች። 595,000።

አንቺ ግን ያልሽው ነገር ከንቱ አይደለም። እንዲያውም ለባለሱቅ ከትርፉ እኩል ያስፈልጋል። ይቺ ሴት 65,000 አትርፋ ካዝናዋ በ190,000 ቀንሷል። ካንቺ 100,000 የበለጠው 90,000ው ዱቤ ገና ስላልተሰበሰበ ነው። በ65,000 ትርፍ ተኩራርታ ጳጉሜን ላይ ለሰፊዎቿ የምትከፍለው ብታጣ አይገርመኝም። ለባንክ የምታሳይው ወረቀት አንድ ነው፣ ማክሰኞ ማታ ከካዝናሽ የምታይው ሌላ ነው። ሁለቱንም ያዢ። ብቻ አንዱን በሌላው ስም አትጥሪው።

ስለ መቁጠር አንድ ነገር ላጫውትሽ። የሠራሁበት አንድ ፋብሪካ ነበር፣ ስሙ ይቆየኝ። ሰኔ 30 ቆጠራ ሆነ። ቆጣሪዎቹ ጥሬ ዕቃ ግምጃ ቤት ገቡ፣ ቆጠሩ። ያለቀ ዕቃ መጋዘን ገቡ፣ ቆጠሩ። ሄዱ። መኪናዎቹ ላይ ያለውንና በጋሪ ተጭኖ ከክፍል ወደ ክፍል የሚሄደውን ማንም አላየውም። ሂሳቡ ሲዘጋ ትርፉ ዝቅ ብሎ ቁጭ አለ። ሥራ አስኪያጁ የማታ ፈረቃውን ሌባ አለ። ሁለት ሳምንት ሰው ተጠረጠረ። በኋላ አንድ አሮጌ የክፍል ኃላፊ «ጋሪዎቹንስ?» ብሎ ጠየቀ። እኔም ከቆጣሪዎቹ አንዱ ነበርኩ፣ አፈርኩ። የመሃሉ ክምር ሁሌም የሚረሳው ነው፤ በር የለው፣ ቁልፍ የለው፣ ኃላፊም የለው።

ለአንቺ ደግሞ ይሄ ከማንም በላይ ይመለከትሻል። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። የዩኒፎርም ሰው ጨርቅ የሚያከማቸው መቼ ነው? ሰኔ። የሚሸጠው ነሐሴና መስከረም። ማለት ሂሳብሽ የሚዘጋው ክምርሽ ከፍ ባለበት ሰሞን ነው። የሰኔን ጨርቅ በሙሉ ወጪ ብለሽ ከጻፍሽ ያለፈው ዓመት የውሸት ኪሳራ ያሳያል፣ መጪው ዓመት የውሸት ትርፍ። ከዚያ ግብር ሲመጣ ትጮሂያለሽ።

አንድ ሌላ ጉዳይ። እነዚያ የተሰቀሉት 100 ሱሪዎች በ630 የሚቀመጡት 630 እና ከዚያ በላይ የሚያወጡ ከሆነ ነው። ትምህርት ቤቱ በጥቅምት ቀለም ቢቀይርስ? ደርሶብሽ ይሆናል። ከዚያ በ400 ብር ቢሸጡ ነው። ያኔ በ400 ነው የሚመዘገቡት። በአንዱ 230፣ በመቶው 23,000 ብር ወዲያው ወጪ ይሆናል። ዓለም አቀፉ የሂሳብ ስታንዳርድ፣ አይኤኤስ 2 የሚባለው፣ ከወጣበት ዋጋና ተሽጦ ከሚያስገኘው የተጣራ ዋጋ ያነሰውን ያዙ ይላል። በነገራችን ላይ የድሮ ሃንድአውት ላይ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል የሚል ዘዴ ታገኚያለሽ። በዚሁ ስታንዳርድ አይፈቀድም። ለፈተና ካልተጠየቅሽ ጊዜሽን አታጥፊበት።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። መብራት።

በጥቅምት መብራት እየሄደ እየመጣ ሥራው በግማሽ ቀነሰ እንበል። 550 ሳይሆን 275 ሱሪ ብቻ ተሰፋ። ቆራጩ፣ ኪራዩ፣ መብራቱና እርጅናው አንድ ላይ 44,000 ናቸው። ለማቅለል መብራቱንም ቋሚ፣ ማለትም ብትሰፊም ባትሰፊም የሚከፈል፣ እንበለው። በነሐሴ በአንድ ሱሪ 80 ብር ይደርስ ነበር። በጥቅምት 44,000 ለ275 ብታካፍይው 160 ይሆናል። ሱሪው 710 ብር ወጣበት ማለት ነው። ይሄ ልክ ነው?

አይደለም። ሱሪው ያው ሱሪ ነው። ጨለማው ውስጥ የተቀመጥሽበት ሰዓት አላሳመረውም። ስታንዳርዱ ቋሚውን ወጪ በመደበኛ አቅም አካፍዪ ነው የሚለው። በሱሪ 80 ብር ብቻ፣ 275 ሱሪ 22,000 ይሸከማል። የቀረው 22,000 የዚያ ወር ወጪ ሆኖ በቀጥታ ይቀነሳል። ክምሩ ውስጥ አይደበቅም። በፋብሪካ ያየሁት ትልቁ ማታለያ ይሄው ነው። ሥራ ሲፈታ የኪሳራውን ብር መጋዘን ውስጥ ባለ ዕቃ ላይ መለጠፍ።

«መደበኛ አቅም» ሲባል ደግሞ የመኪናው ካታሎግ የሚለው አይደለም። እስቲ ድሬን አስቢያት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣለች፣ ከተማው ይተኛል። ሱቅ ይዘጋል። ሰው ወይ ጥላ ሥር ነው ወይ በርጫ ላይ ነው። አሥር ሰዓት ሲሆን እንደገና ነፍስ ይዘራል። ስፌት ቤትሽ ጠዋት በማለዳ ገብቶ እኩለ ቀን ላይ የሚያርፍ ከሆነ መደበኛ አቅምሽ ያ ነው። አዲስ አበባ ካለ ፋብሪካ የስምንት ሰዓት ፈረቃ ገልብጠሽ አትለኪ። ዕረፍቱ በየቀኑ ያለ ስለሆነ ከመደበኛው ውስጥ ነው። መብራት ለሁለት ሳምንት መጥፋቱ ግን ከመደበኛው ውጭ ነው።

ቁርጥራጩም እንደዚሁ ነው። ሱሪ ሲቆረጥ ጥግ ጥጉ ይወድቃል። ያ 1 ሜትር ከ30ው ውስጥ አለ፣ የሱሪው ወጪ ነው። ቆራጩ ግን ከባልደረባው ጋር ተጣልቶ ሃያ ንብርብር ጨርቅ በተሳሳተ ልክ ቢቆርጠው ያ የሱሪ ወጪ አይደለም። የዚያ ቀን ኪሳራ ነው።

ስለ ቆራጩ ካነሳን አይቀር፣ ሰዎች ስፌት ቤት ሲገቡ የሚያዩት መኪናውን ነው። ብሩ ያለው መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከ630 ብር ውስጥ 390ው ጨርቅ ነው። ቆራጩ ልኮቹን ሲደረድር ትልቁን ሱሪ ከትንሹ ጋር አጋብቶ፣ ኪሱንና የወገቡን ጨርቅ ከመሃል ክፍተት አውጥቶ በአንድ ሱሪ 5 ሳንቲ ሜትር ቢያድን ምን ይሆናል? በ600 ሱሪ 30 ሜትር። 9,000 ብር በወር። ከመብራት ሂሳቡ ከእጥፍ በላይ ነው። ስለ አምፖል ከመጨቃጨቅ ለቆራጩ ሰፋ ያለ ጠረጴዛ ግዢለት። ማኔጅመንት የሚባለው ትምህርት ግማሹ ይሄ ይመስለኛል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። አንድ ኦቨርሎክ፣ በወር 200 ሰዓት ይሠራል። ሱሪ 850 ይሸጣል፣ ጨርቁ፣ ክሩና የሰፊው ክፍያ 550 ነው። ጋዋን 700 ይሸጣል፣ ተለዋዋጭ ወጪው፣ ማለትም እንደዚሁ በእያንዳንዱ ልብስ የሚጨመረው፣ 480 ነው። ሱሪ ኦቨርሎኩ ላይ 15 ደቂቃ ይቆያል፣ ጋዋን 8 ደቂቃ። ገበያው በወር እስከ 640 ሱሪና እስከ 600 ጋዋን ይወስዳል። በላክሽልኝ ወረቀት ላይ ያለው ጥያቄ ይሄው ነው።

አብዛኛው ሰው ሱሪ ይላል። ከአንድ ሱሪ 300 ይተርፋል፣ ከአንድ ጋዋን 220። ነገር ግን አምስቱ መኪናዎች ምንም ያህል ቢፈጥኑ ሁሉም ልብስ በዚያች አንድ ኦቨርሎክ ደጃፍ ማለፍ አለበት። የደቻቱን ድልድይ በገበያ ቀን አስቢው። ባጃጁ ቢፈጥን ባይፈጥን ድልድዩ ላይ ሲደርስ ይሰለፋል። ስለዚህ የሚሸጠው ሱሪ ወይም ጋዋን አይደለም፣ የኦቨርሎኩ ደቂቃ ነው። ሱሪ በደቂቃ 20 ብር ይከፍላል። ጋዋን 27 ብር ከ50። ጋዋን ይበልጣል።

አስልተሽ እይው። 12,000 ደቂቃ አለሽ። ሱሪን ብታስቀድሚ 640 ሱሪ 9,600 ደቂቃ ይበላል፣ 192,000 ብር ያስገኛል። በቀረው 2,400 ደቂቃ 300 ጋዋን፣ 66,000። ድምር 258,000። ጋዋንን ብታስቀድሚ 600 ጋዋን 4,800 ደቂቃ ይወስዳል፣ 132,000 ብር። የቀረው 7,200 ደቂቃ 480 ሱሪ ያወጣል፣ 144,000። ድምር 276,000። ቅደም ተከተል በመቀየር ብቻ 18,000 ብር። አዲስ መኪና የለ፣ አዲስ ሰው የለ። ቋሚ ወጪውን ያልነካሁት በሁለቱም በኩል ያው ስለሆነ ነው።

የትኛው መኪና ጠባቡ በር እንደሆነ በእውነተኛው ቤትሽ ለማወቅ ሂሳብ አያስፈልግሽም። ቁሚና እዪ። ከየትኛው መኪና ፊት ነው ያላለቀ ልብስ የሚከመረው? እሱ ነው። ከነዚያ 100 ግማሽ ሱሪዎች አብዛኞቹ የት እንዳሉ ብትጠይቂኝ ኦቨርሎኩ ፊት ናቸው ብዬ እወራረዳለሁ። መኪናዋ ስትቆም ቤቱ በሙሉ ቆመ ማለት ነው። ዘይቷን፣ መርፌዋን፣ ቢላዋዋን ቅድሚያ ስጪ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰፊዋ ስትነሳ ሌላ ሰው ይተካ።

የጅጅጋው ሰውዬስ? «630 የወጣበትን በ600 እንዴት ትሸጫለሽ» ያለሽ ሰው ግማሹን ነው የነገረሽ። ከ630ው ውስጥ 80ው ኪራይ፣ ቆራጭ፣ መብራትና እርጅና ነው። ብትሰፊም ባትሰፊም ትከፍይዋለሽ። አዲስ የሚጨመርብሽ 550 ነው። መኪናዎቹ ሥራ ፈትተው ከሆነ በአንዱ 50፣ በ60 ሱሪ 3,000 ብር ታገኛለሽ። ተቀበዪ። ኦቨርሎኩ ሙሉ በሆነበት መስከረም ላይ ከሆነ ግን 850 የሚከፍልን ደንበኛ መልሰሽ ነው የምትሰፊለት። 300 ጥለሽ 50 ታነሻለሽ። በ60 ሱሪ 15,000 ብር ነው የሚያስወጣሽ።

እኔ ብሆን እንዲህ እለዋለሁ፦ «ወንድሜ፣ በ600 እሰፋልሃለሁ፣ ግን ኅዳር ላይ።» ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ። ድሬ ውስጥ ዋጋ ምስጢር ሆኖ አያውቅም። ለጅጅጋው በ600 እንደሰጠሽ ነገ ከሰዓት ታይዋን ገበያ ያለው ሁሉ ያወራዋል። ስለዚህ ጨርቁን ወይም አሠራሩን ትንሽ ለየት አድርጊው። ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም፣ ሱቅ ላይ ግን ይመጣል።

መምህርሽ ምናልባት ጆብ ኮስቲንግና ፕሮሰስ ኮስቲንግ ብሎ ይለያችኋል። በከተማሽ ሁለቱም አሉ። የባቡር ጣቢያው ግቢ ያለውን የድሮ ወርክሾፕ ውሰጂ። ለአንድ ፉርጎ የሚታነፅ ብረት ለሌላው አይሆንም፣ የእያንዳንዱ ሥራ ወጪ ለብቻው ይያዛል። ሲሚንቶ ፋብሪካ ግን አንዱን ኩንታል ከሌላው አይለይም፣ የወሩ ወጪ ለወሩ ምርት ይካፈላል። ያንቺ ዩኒፎርም ወደ ሲሚንቶው ይጠጋል። የሙሽራ ልብስ ልታሰፋ የምትመጣ ደንበኛ ካለችሽ እሷ ወደ ባቡሩ ናት።

አሁን አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። ያው ሴት መስከረም ላይ 400 ሜትር ጨርቅ በ300 ብር ጨመረች። ለ400 አዲስ ሱሪ ቆርጣ፣ ከነሐሴ የተረፈውን ግማሹን 100 ጨምሮ 500ውንም ጨረሰች። ጨርቅም ግማሽ ሱሪም አልተረፈም። ለሰፊ፣ ለክርና ለዚፕ 72,000 ወጣ። ቋሚው ያው 44,000፣ የሱቁ ያው 23,000፣ ለቤቷ ያው 20,000። መደበኛ አቅሟ 550 ሱሪ ነው። ከነሐሴ የተሰቀለውን ጨምሮ 600 ሱሪ በ850 ሸጠች። መጀመሪያ በእኔ መንገድ ሥሪው። ከዚያ በአንቺ በድሮው መንገድ።

በአንቺ መንገድ 236,000 ይመጣል። ከነሐሴው 100,000 ጉድለት ጋር ሲገናኝ ለሁለቱ ወር 136,000 ነው። በእኔ መንገድ መስከረም 101,000፣ ከነሐሴው 65,000 ጋር 166,000። ክምሩ ተሸጦ ስላለቀ ሁለቱ መንገዶች ተቀራርበዋል። የቀረችው 30,000 ለቤት የወሰደችው 40,000 ሲቀነስ የሁለት ወር የመኪና እርጅና 10,000 ናት። 101,000 አልመጣልሽ ካለና 109,000 ካገኘሽ፣ መስከረም ላይ የተሠራው ስፌት 450 ሱሪ ብቻ መሆኑን እዪና የጎደለችውን 8,000 ፈልጊያት።